በአነስተኛ የድረ ገጽ ስቱዲዮ ውስጥ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አራት ወይም አምስት ሰዎች የሚሠሩባቸው የድረ ገጽ ስቱዲዮዎች በአዲስ አበባ እየበዙ ነው። ብዙዎቹ አንድ ዲዛይነር፣ ሁለት ዴቨሎፐሮች፣ ደንበኛ የሚያነጋግር አንድ ሰውና የተገኘውን ሁሉ የሚሠራ አንድ ተለማማጅ ይዘው የሚንቀሳቀሱ ናቸው። እንዲህ ያለ ስቱዲዮ ሊከፍቱ የተዘጋጁ ወጣቶች ምክር ሲጠይቁኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማወቅ የሚፈልጉት የትኛውን ፍሬምወርክ (ድረ ገጽ የሚገነባበትን ዝግጁ የኮድ መዋቅር) መማር እንደሚሻል ነው። በፍሬምወርክ ምርጫ የተዘጋ ስቱዲዮ እስካሁን አላየሁም፤ «እሱን በኋላ እናስተካክለዋለን» ተብሎ በታለፈ ነገር ደንበኛቸውን፣ ገንዘባቸውንና አንዳንዴም ጓደኝነታቸውን ያጡ ሰዎችን ግን አውቃለሁ። ስለ ኮድ አጻጻፍ ምንም አልልም፤ እሱን የሚያስተምር ሞልቷል።

ዲዛይኑን በእንግሊዝኛ ጨርሶ አማርኛውን መጨረሻ ላይ መክተት

ትዕግሥቴን ከሁሉ በላይ የሚያስጨርሰኝ ይህ ነው። ዲዛይነሩ ፊግማ የተባለውን የዲዛይን ፕሮግራም ከፍቶ ገጹን በእንግሊዝኛ፣ ከዚያም ባለፈ ትርጉም በሌለው የላቲን ማሟያ ጽሑፍ ይሞላዋል፤ ርዕሱ በቀጭን ፎንት ተጽፎ ያማረ ይመስላል፤ ደንበኛውም አይቶ ያጸድቃል። እውነተኛው የአማርኛ ይዘት ሲመጣ ያ ሁሉ ውበት ይፈርሳል። የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው አሳሹ (ብራውዘሩ) በየመሣሪያው ላይ ያገኘውን ይተካል፤ በዚህም ምክንያት አንዱ ገጽ በዊንዶውስ ኮምፒውተር፣ በአይፎንና በአንድሮይድ ስልክ ላይ የተለያየ መልክ ይይዛል። ለእንግሊዝኛ የተለካው የመስመር ርቀት ለአማርኛ ስለሚጠብ የላይኛው መስመር እግርና የታችኛው መስመር ራስ ይነካካሉ። በ12 ፒክሰል የተጻፈ እንግሊዝኛ ሳያስቸግር ይነበብ ይሆናል፤ በዚያው መጠን በተጻፈ አማርኛ ግን ካዕቡን ከሣልሱ የሚለየው ቅጥያ ስለሚጠፋ፣ «ሱ» ይሁን «ሲ» ለማወቅ ስልኩን ወደ ዓይን ማስጠጋት ያስፈልጋል። ዲዛይነሩ ለጥቅስ ብሎ ያዘነበለ ፊደል ካዘዘ ደግሞ፣ የግዕዝ ፎንቶች አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ቅርጽ ስለሌላቸው፣ አሳሹ ቀጥ ያለውን ፊደል በግድ ገፍቶ ያጋድመዋል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው መፍትሔው በነፃ ተቀምጦ ሳለ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ማንም ያለ ክፍያ አውርዶ ገጹ ውስጥ ሊያካትታቸው የሚችሉ ፎንቶች ናቸው። የመጀመሪያው ስዕል ሲነደፍ ከደንበኛው ቢያንስ አንድ ሙሉ የአማርኛ ገጽ መቀበል፣ በእጅ ካሉት ርዕሶች ሁሉ ረጅሙን መርጦ በስልክ ስፋት ላይ መሞከር፣ የጽሑፉን መጠን ከ16 ፒክሰል አለማሳነስና የመስመሩን ርቀት ከፊደሉ መጠን አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ማድረግ ብዙ መከራን ይቀንሳል። ደንበኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የተቋሙ ሙሉ ስም ብቻውን በስልክ ላይ ሦስት መስመር ሊይዝ ይችላል፤ ዲዛይነሩ ይህን ማወቅ ያለበት ሎጎው አጠገብ ያለችውን ጠባብ ቦታ ከመሣሉ በፊት ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ጉድለት አለ። አንዱ አዝራር «ግባ» ይላል፤ ከሥሩ ያለው ማሳሰቢያ «እባክዎን የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ» ይላል፤ ስህተት ሲፈጠር የሚመጣው መልእክት ደግሞ በእንግሊዝኛ ይቀራል። ተጠቃሚውን በአንድ ገጽ ላይ አንተ ብሎ ጀምሮ እርስዎ ብሎ መጨረስ ነውር ነው፤ ለሴቶች ምርት በሚሸጥ ድረ ገጽ ላይ «ግዛ» የሚል አዝራርም አይቻለሁ። የአዝራሮችንና የመልእክቶችን ቃል አንድ ሰው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በአክብሮት መልክ ይጻፈው።

አሮጌ ፋይል እንደ ደኅና ጽሑፍ መቀበል

የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በጋራ በሚያውቁበት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተተየበ ሰነድ ዓይን አማርኛ ሆኖ ቢያየውም፣ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደሎችና ምልክቶች አድርጎ ነው፤ ድረ ገጹ ላይ ሲለጠፍም የምልክት ክምር ሆኖ ይወጣል። አንድ ማኅበር የምሥረታ በዓል መጽሔቱን ጽሑፍ በዚህ መልክ ልኮ፣ ተለማማጇ ልጅ ማንንም ሳትጠይቅ ገጽ በገጽ እንደገና ስትተይብ ደረስኩባት። ትጋቷን እያደነቅኩ፣ ይህን የሚለውጥ ፕሮግራም እንዳለ ስነግራት ፊቷ ላይ ያየሁት ንዴት ተገቢ ነበር፤ ፋይሉን ሲቀበል ያልመረመረው ሰው ሊወቀስበት የሚገባ ጉዳይ ነውና።

የአማርኛ ርዕስን እንዳለ የገጹ አድራሻ ማድረግ

አንድ የአማርኛ ፊደል በድር አድራሻ ውስጥ ሲቀየር 9 ምልክቶች ይሆናል። ዎርድፕረስ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ለአንድ ጽሑፍ የአድራሻ ክፍል የሚፈቅደው 200 ምልክት በመሆኑ፣ ርዕሱ ከ22 ፊደል በኋላ ይቆረጣል፤ የተረፈውም ቴሌግራም ላይ ሲላክ የመቶኛ ምልክት የሞላበት፣ ሰው ቫይረስ ነው ብሎ የሚሸሸው አድራሻ ይሆናል። አጭር የላቲን አድራሻ በእጅ ይጻፍ።

የድረ ገጹ መፈለጊያም የአማርኛን ፊደል ማወቅ አለበት፤ «ሐኪም» ተብሎ የተጻፈውን «ሀኪም» ብሎ ለሚፈልግ ሰው ካላመጣ ፍለጋ አይባልም፤ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ከፍለጋው በስተጀርባ እንደ አንድ ይቆጠሩ።

የማረጋገጫ አጭር መልእክት በአማርኛ ሲላክ አንዱ መልእክት የሚይዘው እንደ እንግሊዝኛው 160 ሳይሆን 70 ፊደል ነው፤ የደንበኛውን ወርኃዊ ወጪ ስታሰሉ ይህን አትርሱ።

ቀንና ሰዓትን ለኋላ መተው

ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ቅጽ የሠራ ስቱዲዮ ሰዓቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ደርድሮ አስረከበ። «3:00» የሚለውን የመረጡ ታካሚዎች በጠዋት፣ በእኛ ሦስት ሰዓት፣ ተሰልፈው ተገኙ፤ በክሊኒኩ መዝገብ ላይ ያለው ቀጠሯቸው ግን ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ ከታማሚ ጋር ስትከራከር ከዋለች በኋላ ቅጹን አዘግታ ወደ ወረቀት ደብተሯ ተመለሰች፤ አልፈርድባትም። «ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ በቃል መጻፍ ምንም ወጪ የለውም።

የቀን መቁጠሪያው ከዚህ ይብሳል። የልደት ዘመን በሚጠይቅ ቅጽ ላይ ሰው 1990 ብሎ ሲጽፍ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጠየቀ፣ የሰውየው ዕድሜ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይዛባል። ወር ከ12 እንዳይበልጥ የታዘዘ ቅጽ ጳጉሜን የተወለደን ሰው ይመልሳል። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብለው ኮዳቸው ውስጥ በቋሚነት የጻፉትንም 2016 ዓ.ም. አጋልጧቸዋል፤ የ2015 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበራት ዘመን መለወጫው በሴፕቴምበር 12 ነው የዋለው። ቀኑን በዳታቤዝ ውስጥ በአንድ አቆጣጠር ማስቀመጥና ለተጠቃሚው ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት ይበቃል። አሳሾች ራሳቸው የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ስለሚያውቁ ለማሳየቱ ስሌቱን ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም።

ዶሜይኑን (የድረ ገጹን አድራሻ) በዲዛይነሩ ስም መመዝገብ

ጀማሪዎች ይህን የሚያደርጉት በክፋት አይደለም። ደንበኛው የዶላር ካርድ የለውም፣ ኢሜይሉን አዘውትሮ አይከፍትም፣ ሥራው ደግሞ ቸኩሏል፤ ስለዚህ ከስቱዲዮው አንዱ በራሱ ኢሜይል ይመዘግበዋል። ከዓመት በኋላ ያ ልጅ ሥራ ይለቃል፣ የእድሳት ማስጠንቀቂያው ወደ ማይከፈት ሳጥን ይሄዳል፣ ድርጅቱ በየቢዝነስ ካርዱና በየመኪናው በር ላይ ያሳተመው አድራሻ አንድ ቀን ባዶ ገጽ ያሳያል። የ«ዶት ኮም» አድራሻ ከተሰረዘ በኋላ ለማስመለስ የ30 ቀን ዕድል ቢኖረውም ክፍያው ከተለመደው እድሳት እጅግ ይበልጣል፤ ያ ጊዜ ካለፈ ማንም ሊገዛው ይችላል። ኢትዮ ቴሌኮም የሚሰጠው የ«ዶት ኢቲ» አድራሻም ቢሆን ከመጀመሪያው በራሱ በድርጅቱ ስም መመዝገብ አለበት።

የካርዱ ነገር ለብቻው መነገር ይገባዋል። አንድ የጉዞ ወኪል ድረ ገጽ እንግዳ በሚበዛበት በጥምቀት ሰሞን ተዘጋ። ምክንያቱ ሲፈለግ የሆስቲንጉ (የድረ ገጹ ማስቀመጫ ሰርቨር ኪራይ) ክፍያ ይቆረጥ የነበረው በሜሪላንድ ከምትኖር የስቱዲዮው ባለቤት እህት ካርድ ሆኖ ተገኘ። ካርዱ ጊዜው አልፎ በአዲስ ሲተካ ለማንም ትዝ አላለውም፤ ማስጠንቀቂያዎቹ ወደ እሷ ቢሄዱም የማስታወቂያ ኢሜይል መስለዋት ታልፋቸው ነበር። ውጭ ባለ ዘመድ ካርድ መክፈል በእኛ ሁኔታ ብዙ ጊዜ አማራጭ የሌለው መንገድ ነው፤ እንዲያ ከሆነም ክፍያው በዓመት አንዴ ይሁን፣ ማስጠንቀቂያው ወደ ስቱዲዮው የጋራ ኢሜይል ይምጣ፣ ቀኑም ግድግዳ ላይ ይጻፍ።

ሆስቲንግን በብር ለብዙ ዓመት ዋጋ መቁረጥ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በፕሮፎርማቸው ላይ «የሦስት ዓመት ሆስቲንግን ጨምሮ» ብለው የፈረሙ ስቱዲዮዎች ልዩነቱን ከኪሳቸው ከፈሉ። የዶላር ወጪ ያለበት ነገር ሁሉ በየዓመቱ በዕለቱ ምንዛሪ እንደሚከፈል በውል ይጻፍ፤ ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን መጨመር አለመጨመሩም አብሮ ይገለጽ።

ፈቃዱ ተሰብሮ በነፃ የሚታደል ፕለጊን (ለድረ ገጹ ተጨማሪ ሥራ የሚሰጥ ፕሮግራም) መጠቀም

አታድርጉት። የሚከፈልበትን በነፃ የሚያድል ሰው በውስጡ ምን እንደጨመረ የምታውቁት ጉግል የደንበኛችሁን ገጽ አደገኛ ብሎ ሲያስጠነቅቅ ነው።

የማያስፈልግ የግል መረጃ መሰብሰብ

ለጋዜጣ ምዝገባ የመታወቂያ ፎቶ የሚጠይቅ ቅጽ አይቻለሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ደንበኛው ቢያዝም እንኳ ለምን እንደሚፈልገው መጠየቅ የስቱዲዮው ድርሻ ነው።

ማን እንደሚያጸድቅ ሳያውቁ መጀመር

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ያጸድቃል፣ ኮሚቴው ያጸድቃል፣ ድረ ገጹ ሊመረቅ ሲል ግን ሥራ አስኪያጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ገጹን ያዩና ቀለሙን አይወዱትም። የመጨረሻ ቃል ያለው ሰው በውሉ ላይ በኃላፊነቱ ይጠቀስ፤ የመጀመሪያውን ንድፍም እሱ ራሱ ይፈርምበት። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት የሚመጣ አስተያየት የዚያኑ ዕለት በጽሑፍ ተጠቃሎ ለደንበኛው ተመልሶ ይላክ፤ አለበለዚያ ሁለት ወር ቆይቶ ማን ምን እንዳለ የሚያስታውስ አይኖርም።

ከዚህ የማይለየው የይዘት ጉዳይ ነው። ደንበኛው «ጽሑፉንና ፎቶውን በዚህ ሳምንት እንልካለን» ካለ በኋላ ወራት ያልፋሉ፤ ውሉ ላይ የመጨረሻው ክፍያ «ድረ ገጹ ሥራ ሲጀምር» ተብሎ ከተጻፈ ስቱዲዮው የራሱን ሥራ ጨርሶ ሳለ የደንበኛውን ፎቶ አንሺ ይጠብቃል። ክፍያው መታሰር ያለበት ገጹ በሙከራ አድራሻ ላይ ለይዘት ዝግጁ ሆኖ ከታየበት ቀን ጋር ነው። ይዘቱ ከዚያ በኋላ ሲደርስ የማስገባቱ ሥራ በሰዓት ተሰልቶ በሌላ ፕሮፎርማ ይጠየቅ።