ጸሎት ሲከብድ፦ ከከተማ ዳር ለሚኖር ምእመን

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በየካ አባዶ ወይም በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገብቶ መሀል ከተማ የሚሠራ ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ካልወጣ የታክሲው ሰልፍ ያረፍድበታል። ማታ ቤቱ ሲደርስ 2 ሰዓት አልፏል። ድሮ ልደታ ወይም ጉለሌ ሲኖር በእግሩ የሚደርስበት ደብር፣ ቤቱ እየመጡ ጠበል የሚረጩለት የንስሐ አባት፣ በየወሩ የሚያገኛቸው የጽዋ ማኅበርተኞች ሁሉም ርቀውታል። ብዙም ሳይቆይ ጸሎቱ ይሳሳል፤ ጾሙ ምግብ ከመቀየር አያልፍም፤ ቅዳሴ ለዓመት በዓል ብቻ ይሆናል። ከዚያ "እግዚአብሔር ትቶኛል" ማለት ይመጣል።

እንዲህ ያለው ዝለት ብዙውን ጊዜ ሥሩ ሁለት ነው፤ የጸሎት ሰዓት መጥፋትና የቅርብ ሰው መጥፋት። ስሜቱ እስኪመለስ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል። መጀመሪያ ሰዓቱን መልሶ መያዝ ነው፤ ልብ ዘግይቶ ይከተላል፣ አንዳንዴም በጣም ዘግይቶ።

መጀመሪያ የያዘዎትን ይለዩ

አባቶች ሐኬት (የመንፈስ ስንፍና) የሚሉት ነገር ምልክቱ ጥንትም የታወቀ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው ኤዋግሪስ እንደጻፈው፣ ሐኬት መነኩሴውን ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ይይዘዋል። ፀሐይዋ የቆመች፣ ቀኑም 50 ሰዓት የሆነ ይመስለዋል። 9 ሰዓት ደርሶ እንደሆነ ለማየት በመስኮት ደጋግሞ ያያል። በዓቱን፣ ማለትም የሚኖርባትን ጎጆ፣ ይጠላል፤ ወንድሞች ፍቅር የላቸውም ይላል፤ ሌላ ቦታ ብሄድ ይሻለኝ ነበር እያለ ያወጣል ያወርዳል። በዳዊት መዝሙር የተጠቀሰው "የቀትር ጋኔን" ይህ ነው ብሎ ያምን ነበር። መስኮቱ ዛሬ ስልክ ሆኗል እንጂ ሌላው ብዙም አልተለወጠም።

ዝለት ሁሉ ግን ሐኬት አይደለም። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፤ "ተነሥተህ ብላ" አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ፤ እንደገና ተቀስቅሶ በላ። ቃሉ የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው። በቀን አምስት ሰዓት እየተኛ ሁለት ታክሲ እየቀያየረ የሚሠራ ሰውም መጀመሪያ የጎደለው እንቅልፍ ሊሆን ይችላል። አንድ ሳምንት ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩን አስቀምጦ ይተኛና ከዚያ ራሱን ይመርምር።

ሌላው ያልተናዘዙት ኃጢአት ነው። ለመጸለይ በቆሙ ቁጥር አንድ የተወሰነ ነገር ወይም አንድ የተወሰነ ሰው ፊትዎ ላይ ድቅን የሚል ከሆነ ጸሎት በማብዛት አይሸፈንም፤ ቦታው ንስሐ ነው፤ የሰው ገንዘብ ከሆነም መመለስ ነው።

ሕመምም አለ። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከተዛባ፣ ከጸሎቱ ጋር ሥራውም፣ ልጁም፣ ጓደኛውም አብሮ ካስጠላ፣ ይህም ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ጤና ጣቢያ ሄደው ይታዩ፤ ከዚያ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል ሊልኩዎ ይችላሉ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት ሰው ይዘው ይሂዱ። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ትንሹ ሥርዓት

መነሻው ጠዋት 15 ደቂቃ፣ ማታ 10 ደቂቃ ነው። ይህ ያንሳል የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በአሁኑ ሰዓት ምንም የማይጸልየው ሰው ነው።

ጠዋት አማትበው "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ" ይበሉ። ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ መጨረሻ ላይ አንድ የዳዊት መዝሙር። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለሆነ የትኛውን ልጸልይ ብሎ መምረጥ የለም፤ ለደከመ ሰው ይህ ትልቅ እረፍት ነው። ግእዙን የማይሰሙ ከሆነ በአማርኛ ያንብቡት። ማታ መዝሙር 50፣ ሌላ አንድ መዝሙር፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ቀኑን ለሁለት ደቂቃ በዝምታ መመርመር፣ አቡነ ዘበሰማያት።

በቀን ሁለት መዝሙር ሲሆን 150ው መዝሙር በ75 ቀን ያልቃል። ብዙ ሰው የሚቆመው 118ኛው ላይ ነው፤ 176 ቁጥር ስላለው አንድ ጠዋት ይጀመርና ታክሲ ያመልጣል፣ በማግስቱ መጽሐፉን መክፈት ያስፈራል። መዝሙሩ ግን ራሱ በስምንት በስምንት ቁጥር በ22 የተከፈለ ነው፤ ለ11 ቀን ጠዋት አንድ ክፍል፣ ማታ አንድ ክፍል ይበሉት። እዚህ የምንጠቅሰው የግእዙን ዳዊት ቁጥር ነው፤ ቤትዎ ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በአንድ የሚበልጥ ከሆነ 50 የተባለውን 51 ላይ ያገኙታል።

"ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ" በተባለው መሠረት ቤተ ክርስቲያን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። የጠዋቱና የማታው ጸሎት ነግህንና ንዋምን ይዞልዎታል። ለ3፣ ለ6፣ ለ9 እና ለ11 ሰዓት ስልክዎ ላይ ድምፅ የሌለው ማስታወሻ ያድርጉና ባሉበት ሆነው ሦስት ጊዜ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ይበሉ። ከዚህ በላይ ለጊዜው አይጨምሩ። ለመንፈቀ ሌሊት ማንንም አንቀስቅስም፤ ግን በሰፈሩ ውኃ የሚለቀቀው ሌሊት ከሆነና ጀሪካንና በርሜል ለመሙላት መነሣትዎ ካልቀረ፣ በርሜሉ እስኪሞላ ያለው ጊዜ የእርስዎ ነው።

ዋናውን ጸሎት ታክሲ ውስጥ ማድረግ ለሁለት ቀን ይሠራል። በሦስተኛው ቀን ወንበር አይገኝም፣ ወይም ሾፌሩ ሙዚቃውን ይከፍተዋል፣ ወይም እንቅልፍ ይወስድዎታል። ከቤት ሳይወጡ ይጸልዩ፤ መንገዱን መዝሙር ለመስማት ወይም አንድ ጥቅስ ለማጥናት ይተዉት። ለዚህ 15 ደቂቃ ቀድሞ መነሣት ያስፈልጋል፤ እሱም የሚገኘው ጠዋት ሳይሆን ማታ ቶሎ በመተኛት ነው።

ቤቱ ስቱዲዮም ቢሆን በምሥራቅ በኩል አንድ ጥግ ይለዩ። ሥዕለ አድኅኖ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ ነጠላው እዚያው ይቀመጡ፤ ከሳጥን መፈለግ ከተጀመረ ግማሹ ፈቃድ እዚያው ያልቃል። ከስልክ ላይ መጸለይ የሚቻለውን ያህል ይቅር፤ አቡነ ዘበሰማያት መሀል የቴሌግራም መልእክት ይገባል። መብራት ሲጠፋ ጸሎቱም አብሮ እንዳይጠፋ ጧፍና ክብሪት ከመጽሐፉ አጠገብ ይኑር።

ምንም በማይሰማዎት ቀን

በዚህ ቀን ከተወሰነው አይቀንሱ፤ አይጨምሩም። መቀነስ ለነገም መንገድ ይከፍታል። ስሜት ለማምጣት ተብሎ የሚረዝም ጸሎት ደግሞ የባሰ ያደክማል፤ በማግስቱም መሸሽ ያመጣል። ቆመው፣ ድምፅ አውጥተው፣ ቢያንስ ከንፈርዎን እያንቀሳቀሱ ያንብቡ፤ በዓይን ብቻ የሚነበብ ጸሎት ሐሳብ ሲበተን ቶሎ ያመልጣል። ሐሳብ መሄዱን ባወቁ ጊዜ ከመጀመሪያው አይጀምሩ፤ ካሉበት መስመር ይቀጥሉ። እንደገና መጀመርን የለመደ ሰው ውዳሴውን ሳይጨርስ ሥራ ሰዓቱ ይደርሳል።

የተራውን መዝሙር ትተው 12ኛውን፣ 41ኛውን፣ 87ኛውን ወይም 129ኛውን ማንበብም ይችላሉ። 12ኛው "እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ" ብሎ ይጀምራል። 41ኛው "ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ?" እያለ ከራሱ ጋር ይሟገታል። 87ኛው እስከ መጨረሻው ሐዘን ነው፤ ጨለማ ውስጥ ገብቶ እዚያው ያበቃል። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለውንም ለጸሎት መስጠቷን ያየ ሰው፣ የሚያጉረመርመውን ወደ እግዚአብሔር ይዞ መምጣት እንደሚፈቀድ ያውቃል። ማንበብም ካቃተዎ መቁጠሪያ ይያዙና 41 ጊዜ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ብለው አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ይዝጉ።

ሰውነትንም ያሠሩት። አባ እንጦንስ በበረሃ ሐኬት ይዞት "መዳን እፈልጋለሁ፣ ሐሳቤ ግን አልለቀቀኝም" እያለ ሲጨነቅ፣ እሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲፈትል፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ እንደገና ተቀምጦ ሲሠራ አየ። መልአክ ነበር፤ "እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ" አለው። ስለዚህ ከጸሎት በኋላ ወዲያው እጅዎ የሚነካው ሥራ ይኑር፤ አልጋ ማንጠፍ፣ ዕቃ ማጠብ፣ የጋራውን ደረጃ መጥረግ። ለመስገድ አቅም ካለዎት በትንሹ ይጀምሩ፤ ቁጥሩን ግን የንስሐ አባትዎ ይወስኑት። በሰንበታትና በበዓለ ሃምሳ የንስሐ ስግደት የለም።

ጾሙና የምሳው ብር

ረቡዕና ዓርብ ለሥርዓት መመለሻ ይመቻሉ፤ በሳምንት ሁለት ቀን የተወሰነ ድንበር ይሰጡዎታል። እስከ 9 ሰዓት መቆየት የሚችል ይቆይ። በቀን ሥራ ሲሚንቶ የሚሸከም ሰው ስንት ሰዓት ድረስ እንደሚችል ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። ነፍሰ ጡር፣ የሚያጠቡ እናት፣ የስኳር ሕመምተኛ፣ ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት ያለባቸው ሁሉ ሐኪማቸውንም የንስሐ አባታቸውንም ሳይጠይቁ አይጀምሩ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሌላው ወገን ነው። ሽሮው በበያይነቱ ተተክቶ፣ ከጾሙ በፊት ከሚወጣው የበለጠ ብር ይወጣል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የቀረውን የምሳ ብር በዚያው ቀን ለብቻው አስቀምጦ ከሳምንቱ መጨረሻ በፊት ለተቸገረ መስጠት። ከከተማ ዳር ተቸጋሪው ሩቅ አይደለም፤ በር ላይ ያለችው የጥበቃው ሚስት፣ ልጆቿን ይዛ የምትኖር ጎረቤት ናት። ሄደው ሲሰጡ ሰው ያገኛሉ፤ ዝለት ደግሞ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ይወዳል።

የንስሐ አባት በአዲስ ሰፈር

የድሮው የንስሐ አባትዎ በስልክ የሚገኙ ከሆነ መጀመሪያ መሄድዎን ነግረው ከእሳቸው ጋር መቀጠል ወይም ፈቃዳቸውን ይዘው አዲስ መያዝ ነው። አዲስ ሲፈልጉ በአቅራቢያዎ ያለው ቤተ ክርስቲያን ገና የቆርቆሮ መቃኞ መሆኑ ምንም አያግድም። በሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ተመዝግበው ለአካባቢው ንስሐ ልጆች የሚይዙ ካህን ይጠይቁ። ለጠዋት ኪዳን የሚደርስ ሰው ካህኑን ረጋ ብለው ያገኛቸዋል፤ እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ግን ሕዝቡ ስለሚከባቸው ቀጠሮ ብቻ ይያዙ።

ሲገናኙ በወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ ጸሎቱ ከመቼ ጀምሮ ሳሳ፣ የሥራ ሰዓትዎ ስንት ነው፣ ሕመምና መድኃኒት አለ ወይ፣ ያልተናዘዙት ምንድን ነው። "አባ፣ ሰነፍኩ" ብቻ ከተባሉ ሊረዱዎ የሚችሉት ጥቂት ነው። የሚሰጥዎ ቀኖና ከአቅምዎ በላይ ከመሰለዎ እዚያው ይናገሩ። አንገት ደፍቶ ተቀብሎ ቤት ሲደርሱ መተው ብዙ ሰው ከካህኑ የሚሸሽበት መንገድ ነው።

የዚህ ሁሉ መድረሻ ቁርባን ስለሆነ ቀኑን አብረው ይቁረጡ። ከመቁረብ በፊት 18 ሰዓት ይጾማል፤ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት የሚቆርብ ሰው የመጨረሻ ምግቡ ቅዳሜ ቀን 9 ሰዓት ላይ ይሆናል። ቅዳሜ ሥራ ካለዎት ይህን አስቀድመው ያስቡበት።

ሲቋረጥ

ያመለጠ ጸሎት ዕዳ አይደለም። የሦስት ቀን ውዳሴ ማርያም አጠራቅሞ በአንድ ሌሊት ለመጨረስ የሚሞክር ሰው በአራተኛውም ቀን ይቀራል። ዛሬ ማክሰኞ ከሆነ የማክሰኞውን ያንብቡ፣ አለቀ። በንዴት ስእለት አይሳሉ፤ "ከእንግዲህ ካመለጠኝ" ብሎ የሚጀምር ስእለት ሁለተኛ ሸክም ይጨምራል። በዐቢይ ጾም መግቢያ ዳዊቱንም፣ መልክኡንም፣ ድርሳኑንም በአንድ ጊዜ መጀመርም እንዲሁ ነው፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሁሉም አብሮ ይወድቃል። የቲክቶክና የዩቲዩብ ስብከት ሲሰሙ ማምሸትን ከጸሎት አይቁጠሩት።

ሥርዓት በጣም የሚፈርሰው ከፋሲካ በኋላ ነው። 55 ቀን የጾመ ሰው በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፣ ስግደትም የለም፤ ሰዓቱን የያዙለት እነዚያ ስለነበሩ ጸሎቱም አብሮ ይሄዳል። በነዚህ 50 ቀናት ጠዋትና ማታው እንዳለ ይቆይ፤ በጾሙ ቦታ በቀን አንድ ምዕራፍ ንባብ ይግባ። የዮሐንስ ወንጌል 21 ምዕራፍ ነው፣ የሐዋርያት ሥራ 28፤ ድምሩ 49 ነው። የተረፈችው አንድ ቀን ላመለጠ ምዕራፍ ትሁን። ጾመ ሐዋርያት ከጰራቅሊጦስ በዓል ማግስት ሰኞ ስለሚገባ፣ እሑድ ማታ የስግደቱን ቁጥር ከንስሐ አባትዎ ጋር በስልክ ይከልሱ።