ሁለቱን «የቁመት መርፌዎች» ስታወዳድሩ የምትሳሳቱት

ትዕግሥቴን የሚጨርሰው ስህተት ሶማትሮፒንንና ቮሶሪታይድን የአንድ መድኃኒት ሁለት ብራንድ አድርጎ ማየት ነው። ጅማ ውስጥ ከመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ ቁሙና ስሙት፤ «ዶክተር፣ የትኛው ይሻላል?» ለማን? ሶማትሮፒን የእድገት ሆርሞን ነው፤ 191 አሚኖ አሲድ አለው፤ ፒቱታሪ የሚባለው ከአንጎል ሥር ያለ እጢው በቂ ሆርሞን ለማያመነጭለት ልጅ የጎደለውን ይተካል። ቮሶሪታይድ 39 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፤ የሚሰጠውም አኮንድሮፕላዥያ ላለበት፣ ማለትም ክንድና እግርን የሚያሳጥር የአጥንት እድገት ችግር ይዞ ለተወለደ ልጅ ነው። እዚህ ችግሩ የሆርሞን እጥረት አይደለም። ኤፍጂኤፍአር3 የሚባለው ጂን ተለውጦ የአጥንቱን እድገት ፍሬን ይዞበታል፤ መድኃኒቱ ፍሬኑን ያላላል።

ከአጋሮ የመጣች እናት «የጎረቤቴ ልጅ የተወጋውን ስጠኝ» አለችኝ። ያዘለችው ልጅ ግንባሩ ወጣ ያለ፣ ክንዱና ጭኑ አጭር፣ ደረትና ሆዱ ግን እንደ እኩዮቹ ነው። «እህቴ፣ የዚያኛው ልጅ ችግር ሌላ ነው፤ መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም ይየው» ብያት አኩርፋ ሄደች። ታኩርፍ።

ሴንቲሜትር ማወዳደርም አለ። ቮሶሪታይድ በ52 ሳምንት ጥናት መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ መርፌ በዓመት 1.57 ሴንቲሜትር በልጧል። ሆርሞን የጎደለው ልጅ ደግሞ ሶማትሮፒን በጀመረበት ዓመት ከዚህ እጅግ የበለጠ ሊመዘዝ ይችላል። ታዲያ ሶማትሮፒን አሸነፈ? የተለያየ ሕመም ያለባቸው ልጆች ናቸው እኮ፤ ምኑ ከምኑ ይወዳደራል!

የአጥንቱ ጫፍ ላይ ያለው ማደጊያ ከተዘጋ ሁለቱም ቁመት አይጨምሩም። ጎረምሳውን ራጅ ሳታስነሡ ዋጋ አትጠይቁኝ።

«ጸድቋል» ሲሏችሁ ለየትኛው ሕመም፣ ለየትኛው ዕድሜ በሉ። አሜሪካ ቮሶሪታይድን እ.ኤ.አ. በ2021 የፈቀደችው ከ5 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ነበር፤ የዕድሜ ገደቡ የተነሣው በ2023 ነው።

ጥንቃቄያቸውም አንድ አይደለም። ቮሶሪታይድ የደም ግፊት ሊያወርድ ስለሚችል በባዶ ሆድ አይወጋም፤ ልጁ ከመርፌው በፊት ምግብ ይቅመስ፣ ከመርፌው በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥም ከ240 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይጠጣ። ሶማትሮፒን የሚወስድ ልጅ ማነከስ ከጀመረ፣ ወይም ራስ ምታት ከብዥታና ከትውከት ጋር ከያዘው፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ሁለቱም ፍሪዘር አይገቡም፤ በረዶ የሠራ ይጣላል። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የምታስመጡ፣ በረዶው ብልቃጡን እንዳይነካ መሐል ላይ ጨርቅ አድርጉበት።