እሽግ ምግብ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ፊቱን ብቻ አይቶ መግዛት። ከሁሉም የሚያንገበግበው ይሄ ነው። ደሴ ሱቅ በር ላይ የቆመች እናት ለልጇ የትምህርት ቤት ብስኩት ስትመርጥ የምታየው «በቫይታሚን የበለፀገ» የሚለውንና የተሣለውን የስንዴ ዛላ ነው። እባካችሁ ገልብጡት! ከጀርባው ያለው ዝርዝር የሚጻፈው ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው፤ ስኳር ሁለተኛ ላይ ካለ የያዛችሁት ጣፋጭ ነው፤ ቫይታሚኑ ያንን አይለውጠውም። «ግሉኮስ ሽሮፕ»ም «ዴክስትሮዝ»ም ስኳር ናቸውና አብራችሁ ቁጠሯቸው። ከዚያ ሒሳቡን ሥሩ። በ100 ግራም 24 ግራም ስኳር የሚል 50 ግራም ብስኩት 12 ግራም ስኳር አለው፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ። ማወራረጃው 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከሆነ ከ30 ግራም በላይ ይጨመርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ እንኳ በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 እንዲወርድ ይመክራል፤ ልጁ ደግሞ ገና እራቱን አልበላም።

የታሸገውን ሁሉ መፍራት። መኮሮኒ፣ የፓኬት ወተት፣ ምስርና የጤፍ ዱቄት ስለታሸጉ አይጎዱም። የሚያጠራጥረው ወጥ ቤታችሁ ውስጥ የሌለ ነገር ሲደረደር ነው፦ ኢመልሲፋየር (ዘይትና ውሃ እንዳይለያዩ የሚጨመር)፣ ሰው ሠራሽ ጣዕም፣ ቀለም። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ጥናት 20 ሰዎች በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረውንና ያልተቀነባበረውን ምግብ በየተራ ሁለት ሁለት ሳምንት እንዳሻቸው በሉ። የቀረበላቸው ስኳር፣ ጨውና ቅባት ተመጣጣኝ ነበር። በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረው ሲሆን ግን በቀን 500 ካሎሪ ያህል አስበልጠው በሉ፤ ክብደታቸውም አንድ ኪሎ ገደማ ጨመረ።

የዱቄት ጁስን ጁስ ማለት። ስኳርና ቀለም ነው፤ ለማፍጠሪያ ተምርና ውሃ ይበልጣል።

በረመዳን ሾርባ ላይ ኩብ ጥሎ መልሶ ጨው መጨመር። የኩቡ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው። ግፊት ያለበት ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ተብሎ ተመክሮ ወጡ ውስጥ ያለውን ብቻ ይቀንሳል፤ ሾርባውን ማንም አይቆጥርበትም። ድንብላልና ነጭ ሽንኩርት በደንብ ከገባበት ኩቡ አይናፍቅም። እሽግ ላይ «ሶዲየም» የሚል ካያችሁ በ2.5 አባዙት፤ ጨዉን ታገኙታላችሁ።

«የጾም ብስኩት» ስለተባለ ለጤና ነው ማለት። አይደለም፤ ቆሎ ያዙ።

ለሕፃን ብስኩት በሻይ እያራሱ ማብላት። ሻይ ሰውነት የብረት ማዕድን እንዳይወስድ ያደርጋል፤ ብስኩቱም ሆዱን ሞልቶ ገንፎውን ያስጠላዋል። ስድስት ወር ሲሞላው ሦስት እጅ የማሽላ ወይም የጤፍ ዱቄት ከአንድ እጅ ሽምብራ ጋር ገንፎ ሥሩለት፤ እንቁላል ምቱበት። ሐይቅ አካባቢ ያላችሁ አጥንቱ በደንብ የተለቀመ ዓሣ ጨምሩበት።

ኢንሱሊን ከሚወጋ ሰው ቤት ለስላሳን ጨርሶ ማጥፋት። ስኳሩ ወርዶ ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ቶሎ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይድገም። «ዳይት» የሚለው ስኳር ስለሌለው በዚያች ሰዓት አይረዳም። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ሐኪም ጋ ውሰዱት።