ጂፒዩ ተጨምሮበት የዘገየ ኮድ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ምስል ማደብዘዝ፣ ማጥራት፣ ቀለም መቀየር ለጂፒዩ (ብዙ ስሌቶችን በአንድ ጊዜ ለሚሠራው የግራፊክስ ፕሮሰሰር) የተመቹ ሥራዎች ናቸው። አንዱ ፒክስል የሌላውን ውጤት ሳይጠብቅ ይሰላል። ግን ብዙ ሰው የምስል ላይብረሪውን ፈንክሽኖች ወደ ጂፒዩ ካዞረ በኋላ ኮዱ ጭራሽ ዘግይቶ ያገኘዋል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ምስሉን ማመላለስ ነው። የግራፊክስ ካርዱ የራሱ ሚሞሪ ካለው ምስሉ መጀመሪያ ወደዚያ መገልበጥ አለበት። እስቲ አብረን እናስላው። 1920 በ1080 የሆነ ምስል፣ በፒክስል 4 ባይት ሲያዝ፣ 8.3 ሜጋባይት ገደማ ነው። ሦስት ፈንክሽኖች በተራ ቢሠሩበትና እያንዳንዱ ምስሉን ወስዶ ቢመልስ 6 ጉዞ ይሆናል። ለአንድ ፍሬም ብቻ 50 ሜጋባይት ገደማ ማለት ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም ለሚሄድ ቪዲዮ ደግሞ በየሰከንዱ 1.5 ጊጋባይት። ስሌቱ ገና አልተነካም! አንዴ ውሰዱት፣ ሦስቱንም ሥራ እዚያው ጨርሱ፣ መጨረሻ ላይ መልሱት። ኦፕንሲቪ በተባለው የምስል ላይብረሪ ከ3.0 ጀምሮ ያለው ዩማት (UMat) የተባለው የምስል መያዣ ምስሉን እዚያው ጂፒዩው ጋ ለማቆየት በጣም ይረዳል። ብርሃን መጨመር ብቻ ከሆነ ሥራው ግን አትልኩት። ለአንድ መደመር ያን ሁሉ መንገድ አያስኬድም።

ሁለተኛው ሰዓት አያያዝ ላይ ነው። ጂፒዩን ስትጠሩት ሥራውን ወረፋ ውስጥ ያስገባና ወዲያው ይመለሳል። እኔም አንድ ጊዜ በውጤቱ በጣም ተደስቼ ነበር፤ ለካ የለካሁት ትእዛዙን መስጠት የፈጀውን ጊዜ ብቻ ነው። እስኪጨርስ ጠብቃችሁ ለኩ። የመጀመሪያውን ዙርም አትቁጠሩት፣ ኦፕንሲኤል (ኮድን ጂፒዩ ላይ የሚያስኬደው ሥርዓት) ከርነሉን፣ ማለትም ጂፒዩው ላይ የሚሠራውን ፈንክሽን፣ ኮምፓይል የሚያደርገው ያኔ ነውና።

ጠርዙንም አትርሱ። ስፋቱ 1000 ፒክስል የሆነን ምስል 16 በ16 ፒክስል በሆኑ ቡድኖች ብትከፍሉት በስፋቱ በኩል 63 ቡድን ያስፈልጋል፤ 1008 ይሆናል። ትርፎቹ 8ቱ ምን ይሠራሉ? «ከስፋቱ አልፌያለሁ ወይ?» የሚል ቼክ ከሌለና ረድፎቹ ክፍተት ሳይኖራቸው ከተቀመጡ፣ ቀጣዩ ረድፍ መጀመሪያ ላይ ይጽፋሉ። በምስሉ ግራ ጠርዝ ላይ የተበላሸ ቀጭን መስመር ካያችሁ መጀመሪያ ይህንን ፈትሹ።

የኮዱ ቴስቶች ከሲፒዩው (ከዋናው ፕሮሰሰር) ውጤት ጋር ፍጹም እኩል እንዲሆን የሚጠይቁ ከሆነ ደግሞ ይወድቃሉ። 127.5ን ወደ ሙሉ ቁጥር ሲያጠጋጉ አንዱ 127፣ ሌላው 128 ሊያደርገው ይችላል። የ1 ልዩነት ፍቀዱ።

በመጨረሻ፣ የድሮውን የሲፒዩ ኮድ አታጥፉት። ጂፒዩ የሌለው ወይም ድራይቨሩ የተበላሸበት ተጠቃሚ አለ። ወደ ሲፒዩ ሲመለስ ግን ሎጉ ላይ ይጻፍ። ዝም ብሎ ከተመለሰ፣ ጂፒዩው እየሠራ መስሏችሁ ለሳምንታት ጨርሶ የማይሠራውን የጂፒዩ ኮድ ስታሻሽሉ ትከርማላችሁ።