የመጀመሪያ ጠላችሁ ምን ነካው? ከምልክቱ ተነስቶ መንስኤውን መፈለጊያ

ጠላ ጠምቃችሁ አንድ ነገር አላማራችሁም እንበል። ወይ አልፈላም፣ ወይ ኮምጧል፣ ወይ ከላዩ ነጭ ነገር ለብሷል። ጠላ የምታውቅ እናት ወይም አክስት ጋ ስትደውሉ መልሱ ብዙ ጊዜ ጥያቄ ነው፦ «ብቅሉ እንዴት ነበር?» እናንተ የምታወሩት ስለ ዛሬው ባልዲ ነው፣ እሷ የምትጠይቀው ስለ ባለፈው ሳምንት።

ልክ ናት። ጠላ ላይ ችግሩ የታየበት ቀንና የተፈጠረበት ቀን አይገናኙም። ድፍድፉ ላይ የሚታየው ጥፋት ጥንስሱ ላይ የጀመረ ነው፤ ጥንስሱ ላይ የሚታየው ደግሞ ከብቅሉ ወይም ከዕቃው ይመጣል። ምልክቱን ከታች ስታገኙት ሁሌም አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ፈልጉ።

እንድንግባባ አካሄዱን በአጭሩ ላስቀምጥ። ጌሾና ትንሽ ብቅል በውሃ ተበጥብጦ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ይህ ጥንስስ ነው። ቂጣ ወይም እንኩሮ (ምጣድ ላይ የታመሰ እርጥብ ዱቄት)፣ የቀረው ብቅልና ጌሾ ሲጨመርበት ወፍራም ድፍድፍ ይሆናል፤ አራት አምስት ቀን ይቆያል። ከዚያ ውሃ ተሞልቶ ይከደናል። ጉሹ፣ ማለትም ገና ያልተጠለለው ጠላ፣ ይደርሳል፣ ይሰክናል፣ ይጠለላል። ጎንደር፣ ጎጃም፣ ሸዋ የየራሱ አሠራር አለው፤ ጎረቤትና ጎረቤት እንኳ አይመሳሰልም። እኔ ለ15 ሊትር ያህል ጠላ የምነሳው ከ4 ኪሎ የገብስ ዱቄት፣ ከ1 ኪሎ ብቅልና ከግማሽ ኪሎ ካነሰ ጌሾ ነው። የናንተ ቤት ልክ ሌላ ከሆነ የናንተን ያዙ።

ጥንስሱ ዝም ብሏል

የሚሠራ ጥንስስ ያስታውቃል። ከላዩ ደቃቅ አረፋ ይሰበስባል፣ የጌሾው ቅጠል ወደ ላይ ይወጣል፣ ክዳኑ ሲነሳ አፍንጫ ቆንጠጥ የሚያደርግ ሽታ ይመጣል። ጆሮ ሲያስጠጉት ቀጭን የመፍላት ድምፅ ይሰማል። በሦስተኛው ቀን ከነዚህ አንዱም ከሌለ እንዲህ ፈትሹ።

መጀመሪያ ብርድ። አዲስ አበባ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ ባልዲ ውስጥ ያለ እርሾ በዚህ ብርድ አይሠራም። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው የሚስማማው። ባልዲውን ከወለሉ አንስታችሁ እንጨት ወይም ካርቶን ላይ አድርጉት፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ ወደ ማድ ቤት አስጠጉት። ምድጃ ሥር ግን አይሁን። ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይነሳል።

ሁለተኛ ውሃው። ጥንስሱን የበጠበጣችሁት በሚያቃጥል ውሃ ከሆነ እርሾውን ገድላችሁታል። ለብ ያለ ይበቃል። የቧንቧ ውሃችሁ ክሎሪን የሚሸት ከሆነም አፍልታችሁ አቀዝቅዙት።

ሦስተኛው ዕቃው ነው፤ ጀማሪ የማይጠረጥረው ይህንን ነው። ጠላ ላይ በልማድ እርሾ ለብቻው አይጨመርም። ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከዕቃው ነው የሚመጣው። ለዓመታት ሲጠመቅበት የኖረ ጋን ገላው ውስጥ እርሾ ይዞ ይቆያል። ከሱቅ የመጣ አዲስ ፕላስቲክ ባልዲ ምንም የለውም። ጌሾው ደግሞ ተወቅጦ ዓመት የተቀመጠ፣ ሽታው የጠፋ ከሆነ ከሁለት ወገን ባዶ ሆናችሁ። መፍትሄው ጠላ የጠመቀ ጎረቤት ፈልጎ አንድ ኩባያ ጉሽ መለመን ነው። ያንን ጨምራችሁ አማስሉት። ጎረቤት ከሌለ ሩብ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ ይሠራል። ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን የሚያጠቁሩ አሉ፤ ትንሽ የዳቦ ጠረን እንደሚተው አልክድም። ሞቶ ከሚቀር ጥንስስ ግን ይሻላል።

ፈልቷል፣ ግን ጠላው ውሃ ውሃ ይላል

እዚህ ላይ ነው «ብቅሉ እንዴት ነበር?» የምትለው ጥያቄ የምትመጣው።

እርሾ ስኳር እንጂ ዱቄት አይበላም። የቂጣውን ዱቄት ወደ ስኳር የሚቀይረው ብቅሉ ነው። ገብስ ሲበቅል ኢንዛይም ያዘጋጃል፤ ያ ኢንዛይም ከሌለ የቱንም ያህል ቂጣ ብትፈተፍቱ ከታች ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። በብቅሉ ውስጥ በነበረችው ጥቂት ስኳር ትንሽ ይፈላል፣ ከዚያ ያቆማል። ቀጭን፣ ሞቅ የማያደርግ፣ ዱቄት ዱቄት የሚል ነገር ይሆናል።

ብቅላችሁን ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። ወፈር ያለ አጥሚት አብስሉ። ጣት ለአፍታ ብቻ እስኪችለው ድረስ ይቀዝቅዝ። ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምራችሁ እያማሰላችሁ ጠብቁ። ብቅሉ ደህና ከሆነ ማንኪያ ያቆም የነበረው አጥሚት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይቀጥናል፤ ከማንኪያው ላይ መንጠባጠብ ይጀምራል። ስትቀምሱትም ጣፍጧል። እንደ ወፈረ ከቀረ ያ ብቅል ዱቄት ነው፣ ብቅል አይደለም።

ብቅል የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ሞቅ ያለ ምጣድ ላይ ማመስ አንዱ ነው፤ እርጥብ ብቅል ኃይለኛ ሙቀት ሲነካው ኢንዛይሙ ይሞታል። በፀሐይና በነፋስ ይድረቅ። ሌላው ሳይበቅል ማውጣት ነው። ገብሱ አንድ ቀን ይነከር፣ በኮባ ቅጠል ወይም በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን፣ ሦስት አራት ቀን እየተገላበጠ ይቆይ። ሥሩ እርስ በርሱ ሲያያዝና ቡቃያው የፍሬውን ቁመት ሲያህል ይበቃዋል። ተፈጭቶ ወራት የከረመ ብቅልም ይደክማል። ሳይፈጭ ገዝታችሁ በምትጠምቁበት ሳምንት አስፈጩት።

ውጭ አገር ያላችሁ የቢራ ጠማቂዎች ዕቃ ከሚሸጥበት ቤት የገብስ ብቅል ማግኘት ትችላላችሁ። ነጣ ያለውን ውሰዱ። ጠላችን ጥቁር ይሁን ብሎ ቡና እስኪመስል የተቆላውን ብቅል ብቻ የሚገዛ ሰው አለ፤ እሱ ቀለም እንጂ ኢንዛይም የለውም። ጥቁረቱን ከእንኩሮው አምጡት። በነገራችን ላይ አሜሪካ ውስጥ ለራስ ቤት ቢራ መጥመቅ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደ ነው፤ አንድ አዋቂ ብቻ ባለበት ቤት በዓመት እስከ 100 ጋሎን። መሸጥ አይፈቀድም። ሳውዲና ኩዌት ያላችሁ ግን ይህን ጽሑፍ ለወሬ ብቻ አንብቡት።

ችግሩን የደረሳችሁበት ገና ድፍድፍ ሳለ ከሆነ ይድናል። የተፈተነ ብቅል ግማሽ ኪሎ ያህል ጨምሩ፣ አማስሉ፣ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት፣ ሁለት ቀን ስጡት። ውሃ ከሞላችሁበት በኋላ ከሆነ ግን ነገሩ አብቅቷል። እንደ ቅራሪ ጠጡት። ስኳር ጨምሩበት የሚል ምክር ይመጣላችኋል። አልኮሉ ይወጣል፣ እውነት ነው፤ የምትጠጡት ግን የስኳር መጠጥ ነው እንጂ ጠላ አይደለም።

ብቅሉ ደህና ሆኖ ከቀጠነ ውሃ አብዝታችኋል። እሱ መርማሪ አያስፈልገውም።

ኮምጧል

ሁለት ዓይነት ኮምጣጣነት አለ፤ ለዩዋቸው። ምላስ ላይ ለስለስ ብሎ የሚያልፈው የጠላ ባሕርይ ነው። ብቅሉና ጌሾው ላይ ከእርሾ ጋር አብረው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚያመጡት ነው፣ እርጎንም የሚያኮመጥጡት ወገኖቻቸው ናቸው። ሌላው ጉሮሮ የሚቧጥጠው፣ ገና ብርጭቆው አፍ ሳይደርስ አፍንጫን የሚወጋው ነው። እሱ ሆምጣጤ ነው። አልኮሉን ወደ ሆምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች አየር ይፈልጋሉ፤ አየር ካላገኙ አይሠሩም።

ስለዚህ ጥያቄው አየሩ በየት ገባ ነው። ጀማሪ ቤት ብዙ ጊዜ የሚገባው በባለቤቱ እጅ ነው። ጠዋት ይከፍታል፣ ማታ ይከፍታል፣ እንግዳ ሲመጣ ለማሳየት ይከፍታል። የጥንቶቹ የጋኑን አፍ በጨርቅ አስረው በጭቃ የሚመርጉት ወደው አይደለም። ባልዲ ላይ ይህን በላስቲክ መሥራት ይቻላል፦ አፉን በወፍራም ፌስታል ሸፍናችሁ ዙሪያውን በገመድ እሰሩ፣ መሐሉን በመርፌ አንዴ ብቻ ውጉት። የሚፈላው ጋዝ ይወጣል፣ አየሩ ግን እንደልቡ አይገባም።

ሌላው ባዶ ቦታ ነው። 40 ሊትር በሚይዝ በርሜል ውስጥ 15 ሊትር ጠላ ስታስቀምጡ ከላይ ያለው አየር ለሆምጣጤ በቂ ነው። ውሃ የሚሞላው እስከ አንገቱ ነው። በድፍድፍነቱ ጊዜ ግን ስለሚገነፍል ቦታ ተዉለት።

ዕቃውም ሳይታጠብ የከረመ ሊሆን ይችላል። በግራዋ ቅጠል መፈተግ፣ በሙቅ ውሃ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ፣ በወይራ ማጠን የሚባለው ለጠረኑ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጭሱ ከዕቃው ግድግዳ ላይ የማይፈለገውን ይቀንሳል። ፕላስቲክ ማጠን ስለማይቻል ባልዲውን በፈላ ውሃ አለቅልቁት፣ የተቧጨረውን ደግሞ ለሌላ ሥራ አውሉት። ጭረት ውስጥ የገባ ነገር በሳሙና አይወጣም።

የኮመጠጠ ጠላ አይመለስም። ከአዲስ ጋር ቀላቅሉት የሚሉ አሉ፤ አትስሟቸው፣ ሁለቱንም ታጣላችሁ።

ይመራል

ምሬቱን ለዩ። የጌሾ ምሬት ንጹሕ ነው፣ ከምላስ በስተኋላ ይቆያል። የተቃጠለ እንኩሮ ምሬት አመድ አመድ ይላል። የመጀመሪያው ከሆነ ጌሾ በዝቷል፣ ወይም ደቅቆ የተፈጨ ቅጠል ተጠቅማችኋል፤ የጌሾ እንጨት ረጋ ያለ ነው። ድፍድፍ ላይ ከሆናችሁ እንጨቱን ልቀሙና አውጡ፣ አንድ ሁለት ቂጣ ጨምሩ፣ ቀን ስጡት። ጠላው ሲሰክንም ምሬቱ ይለዝባል። አመድ አመድ ካለ ግን ምንም አታመጡም። በሚቀጥለው እንኩሮውን ስታምሱ እሳቱን ቀንሱ፣ ከምጣዱ አጠገብም አትጥፉ።

ከላዩ ነገር ለብሷል

ስስ፣ ነጭ፣ ሲነኩት እንደ ቆዳ የሚሸበሸብ ከሆነ አየር ያገኘ እርሾ ነው። አያምርም እንጂ አይገድልም። በማንኪያ ግፈፉት፣ በደንብ ክደኑት፣ ሳትውሉ ሳታድሩ አጥልሉት።

ፀጉር ያወጣ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ቢጫ ከሆነ ሻጋታ ነው። ላዩን ገፍፎ የታቹን መጠጣት የለም። ድፉት።

ከባልዲው ይበልጥ ግን ብቅሉን እዩ። ጆንያ ውስጥ ሳይገለበጥ የከረመ እርጥብ ገብስ መሐሉ ይሻግታል፤ ዳርና ዳሩ ደህና ይመስላል። አንድ እፍኝ ከመሐል አውጡና አሽትቱ። የምድር ቤት ሽታ ካለው አትጠቀሙበት። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ጉበት ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። ማብሰል አያጠፋውም፣ መፍላት አያጠፋውም፣ ማጥለልም አያወጣውም። ስለ ጠላ ጣዕም ሁሉም የራሱ ሐሳብ ይኑረው፤ እዚህ ላይ ግን ድርድር የለም።

አልጠራም

ታገሱ። ካልሆነም በነጠላ ደርባችሁ አጥልሉት፣ አንድ ሌሊት ቀዝቃዛ ቦታ አሳድሩት፣ አተላውን ሳትነቀንቁ ከላይ ቅዱ። ጉሹን የሚወድ ሰው ካለ ችግሩ ችግር አይደለም። ሆዱ ለሚነፋ ሰው ግን አትስጡት፤ ገና እየፈላ ነው።

ጠርሙሱ አበጠ

ሳይጨርስ ቀድታችሁታል። ጣፈጥ የሚል ጠላ ገና የሚበላ ስኳር አለው፣ እርሾውም አልሞተም። ተከድኖ ሲቀመጥ ጋዙ መውጫ ያጣል። ብርጭቆ ጠርሙስ ከሆነ ሊፈነዳ ይችላል፣ ስብርባሪው ዓይን ያጠፋል።

መጀመሪያ ስትቀዱ ያገለገለ የፕላስቲክ (ሃይላንድ) ጠርሙስ ተጠቀሙ፤ በተለይ ለስላሳ የነበረበትን፣ እሱ ጋዝ ይችላል። በየጊዜው ጎኑን ጨመቅ አድርጉት። ጣት የማያስገባ ሆኖ ከጠነከረ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ፈታ አድርጉ፣ ፍስስ ብሎ ይውጣ፣ መልሳችሁ ዝጉት። ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፤ ብርዱ እርሾውን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፣ ስለዚህ በሁለት ሦስት ቀን ይጠጣ።

ብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ከቀዳችሁና ቀናት ካለፉት አትነቅንቁት። መጀመሪያ በደንብ ይቀዝቅዝ። ከዚያ በወፍራም ፎጣ ጠቅልሉት፣ ልጆችን ከአካባቢው አርቁ፣ ፊታችሁን አዙራችሁ ውጭ ክፈቱት።