2,400 ዶላር ብለውኝ ነበር፦ የልጅ ትራቭል ቤዝቦል በጀት አያያዝ

በመጀመሪያው ዓመት የልጄ ትራቭል ቤዝቦል ክለብ (ከከተማ ከተማ እየዞረ የሚወዳደር ቡድን) 2,400 ዶላር አለኝ። እኔም የዋህ፣ 2,400 ብቻ መሰለኝ። ጁላይ ላይ ሲዝኑ ሲያልቅ የባንኩን ዝርዝር ይዤ ደመርኩ። 7,100 ዶላር! ለባለቤቴ ሁለት ቀን ሙሉ አልነገርኩትም።

የምንኖረው ጆርጂያ፣ አትላንታ ዙሪያ ነው። ሁለታችንም ያደግነው ኳስ በእግር ሲመታ እያየን ነው፤ ልጃችን ግን ኳስ በዱላ የሚመታበትን መረጠ። ያኔ 10 ዓመቱ ነበር። አሁን ወደ ሦስተኛው ሲዝን ልንገባ ነው፣ እና ቢያንስ ብሩ የት እንደሚሄድ አውቄያለሁ።

ትራያውት (የተጫዋቾች መምረጫ ሙከራ) ብዙውን ጊዜ ኦገስት አካባቢ ነው። ልጁ ካለፈ ክለቡ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መልስና ማስያዣ ይፈልጋል። ልጁ በደስታ እየዘለለ ስለሆነ እናት ካርዷን ታወጣለች። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የውድድሮቹን ዝርዝር ጠይቁ። ስንት ናቸው? ስንቱ ጋ ማደር ያስፈልጋል? ዩኒፎርሙ ክፍያው ውስጥ አለ ወይስ ለብቻ ነው? (የእኛ ለብቻ ነበር፣ 350 ዶላር።) የአሰልጣኙን ሆቴል የሚከፍለው ማነው? ወላጆች በራሳቸው በሚያስተዳድሩት ቡድን ከሆነ ደግሞ አንድ ልጅ መሀል ላይ ቢወጣ የእሱ ድርሻ በማን ላይ እንደሚወድቅ ጠይቁ። ወጪው ለልጆቹ ቁጥር ስለሚካፈል፣ 12 የነበሩት 10 ሲሆኑ የእናንተ ሂሳብ ይጨምራል።

ዝርዝሩ ከመጣ በኋላ የአንድ ቅዳሜና እሁድ ወጪ አውጡና አባዙ። በእኛ ቤት ከከተማ ውጪ የሚደረግ አንድ ውድድር እንዲህ ነበር፦ ሆቴል ሁለት ሌሊት ከነታክሱ 370፣ ምግብ 140፣ ቤንዚን 60፣ የእኔና የባለቤቴ መግቢያ 80። ድምሩ 650 ዶላር። አዎ፣ የራስን ልጅ ለማየትም በር ላይ ይከፈላል። አራት እንዲህ ያለ ጉዞ ነበረን፣ 2,600 ማለት ነው። ይህ ብቻውን ከክለቡ ክፍያ ይበልጣል። ቤታችን እያደርን የተጫወትናቸው አምስቱ ግን እያንዳንዳቸው ከ110 ዶላር አላለፉም። ስለዚህ ሁለት ክለብ ስታወዳድሩ በርካሹ ክፍያ አትታለሉ። 3,000 የሚያስከፍለውና ቅርብ ቅርብ የሚጫወተው ክለብ ከእኛው ረከስ ሊል ይችላል። እኛ አትላንታ አካባቢ ያለን ሰዎች በዚህ ዕድለኞች ነን፤ ኤመርሰን ያለው ሌክፖይንት የሚባለው ትልቅ ሜዳ ሌላው ቤተሰብ ከሩቅ ስቴት ሆቴል ይዞ የሚመጣበት ነው። እኛ ቁርሳችንን ቤት በልተን እንሄዳለን።

ቤንዚን 60 ብዬ ጻፍኩ እንጂ እሱም ሙሉ እውነት አይደለም፤ መኪናውም ያረጃል። የአሜሪካው ግብር ሰብሳቢ አይአርኤስ ለ2025 በመኪና ለሚደረግ የሥራ ጉዞ ያስቀመጠው ሂሳብ በማይል 70 ሳንቲም ነበር። 400 ማይል ደርሶ መልስ በዚያ ሲሰላ 280 ዶላር ይመጣል። በጀቴ ውስጥ አላስገባውም፣ ጎማ ስቀይር ግን ትዝ ይለኛል።

ሆቴል ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ስቴይ ቱ ፕሌይ» ይሉታል። ከሩቅ የሚመጣ ቡድን በውድድሩ አዘጋጅ በኩል ካልያዘ መጫወት አይችልም ማለት ነው። እኔ ነጥብ አጠራቅሜ በራሴ መተግበሪያ ርካሽ ክፍል ይዤ ነበር፤ መሰረዝ ግድ ሆነብኝ፣ የአንድ ሌሊቱም ሂሳብ ቀለጠ። ቡድን መሪዋን ሳትጠይቁ ምንም አትያዙ። የስረዛውን ሕግም አንብቡ፤ ዝናብ ውድድሩን ሲያጥበው ሆቴሉ ላይራራላችሁ ይችላል። ከአዘጋጁ ተመላሽ ገንዘብ ካለም የሚሄደው ለቡድኑ ነው እንጂ ለእናንተ ኪስ አይደለም።

አሁን ወደ ዱላው። የመጀመሪያውን ዱላ 350 ዶላር ገዛሁት፤ ዩትሪፕል ኤስ ኤ የሚል ማኅተም ያለበት፣ ለትራቭል ውድድር የሚሆን። ልጄ በዚያው ሰሞን ሊትል ሊግ በሚባለው የሰፈሩ የልጆች ሊግ ውስጥም ይጫወት ነበር። ይዞት ወጣ፣ ዳኛው አገላብጦ አየውና መለሰው። ለካ ሊትል ሊግ ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ በእሱ ዕድሜ የሚቀበለው የዩኤስኤ ቤዝቦል (የአገሪቱ የቤዝቦል ፌዴሬሽን) ማኅተም ያለበትን ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ልጁ የትኛው ሊግ ውስጥ እንደሚጫወት ጻፉና ማኅተሙን አመሳክሩ። አዲስ ሞዴል ሲወጣ ያለፈው ዓመቱ ይረክሳል፣ ልዩነቱም ብዙ ጊዜ ቀለም ነው። በሁለተኛው ዓመት ዱላው ካጠረበት የልጄ የቡድን ጓደኛ ላይ በ160 ዶላር ገዛን። አዲስ ከገዛችሁ ደረሰኙን አትጣሉ፤ ብዙዎቹ የአንድ ዓመት ዋስትና አላቸው። ኮምፖዚት የሚባለው፣ ከብረት ያልተሠራው ዱላ ከሆነ ደግሞ በብርድ አታስመቱበት፣ ይሰነጠቃል። ጫማ ላይ ብር አታፍስሱ፣ እግሩ አይጠብቃችሁም። ጓንት ላይ ግን አትሰስቱ፤ ጥሩ ቆዳ ለታናሽም ይተርፋል።

ምግብ ላይ እኔ ጎበዝ ነኝ። ፍርፍር በሚያሞቅ ዕቃ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ፣ ውሃ በካርቶን። አንዳንድ ሜዳ ኩለር (የምግብ ማቀዝቀዣ ሳጥን) አያስገባም፣ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ። ሲዝኑ ሲጀመር ሁዳዴ ከሆነ ደግሞ ሜዳው ላይ ለጾመኛ የሚሆን ቺፕስ ብቻ ነው። እንዲህ በማድረግ ከ140ው ግማሹን አስቀርተናል።

የግል አሰልጣኝ ነገር የቤት ጭቅጭቅ ያመጣል። የግማሽ ሰዓቱ 50 ዶላር፣ 12 ሳምንት፣ 600 ዶላር። በኋላ ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ላይ አደረግነው፣ 300 ሆነ። ክለቡ የመኸሩንም ሲዝን ለብቻ ክፈሉ ብሎን ነበር። እምቢ አልን። ይህ ለብር ብቻ አይደለም። የትልልቆቹ ፕሮፌሽናል ሊግ ሜጀር ሊግ ቤዝቦልና ዩኤስኤ ቤዝቦል ያወጡት «ፒች ስማርት» የሚባል መመሪያ አለ። ከ9 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በዓመት ቢያንስ አራት ወር ከመወርወር ይረፍ ይላል፣ ከዚያም ውስጥ ሁለት ሦስቱ ወር ተከታታይ ይሁን ይላል። የ11 እና የ12 ዓመት ልጅ በቀን ከ85 ውርወራ አይለፍ ይላል። ስለዚህ ክረምቱን የምንከፍለው ለመምታት ልምምድ ብቻ ነው።

«ኮሌጅ በነፃ ይማርበታል» የሚል ሰው አይጠፋም። በጀታችሁ ውስጥ ይህንን ገቢ አድርጋችሁ አታስቡ። ለረጅም ዓመታት የዲቪዥን አንድ (ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት እርከን) የቤዝቦል ቡድን የሚሰጠው ሙሉ ስኮላርሺፕ 11.7 ብቻ ነበር፣ እሱም ለእስከ 27 ልጅ ተከፋፍሎ። ከ2025 ወዲህ ሕጉ ተቀይሯል፤ አዲሱን አሠራር የተቀበሉት ትምህርት ቤቶች ግን ቡድናቸው ከ34 ሰው መብለጥ የለበትም።

ገንዘቡን የማገኘው ከዕቁብ ነው። 12 ሰው ነን፣ በወር 500። ዕጣዬ ዘግይቶ ሲወጣ ከአንዲት እህት ጋር ተቀያየርኩና 6,000ውን ሴፕቴምበር ላይ ወሰድኩ። ከዚያ ለብቻው አካውንት ውስጥ ገባ። የሁለተኛው ዓመት ወጪያችን 5,960 ሆኖ አለቀ። በቀን ደርሰን የምንመለስበት አንድ ውድድር ላይ ሆቴሉን መተዋችን ብቻ 370 ዶላር አትርፎልናል።

ይሉኝታ ግን ብዙ ብር አስወጥቶኛል። በየወሩ ልክፈል ብሎ መጠየቅ አሳፍሮኝ ሦስቱን ትልልቅ ክፍያ በክሬዲት ካርድ ከፈልኩ፣ ወለዱን እስከ ገና ስገፋ ነበር። ለካ ግማሹ ወላጅ በየወሩ ነው የሚከፍለው። ልጄን ይዛችሁልኝ ሂዱ ማለትም አፈርኩ። አሁን ተራ በተራ ነን፤ የሌሊት ፈረቃ ሲገጥመኝ ሌላ እናት ትወስደዋለች፣ በሚቀጥለው እኔ የእሷን። በር ላይ የሚከፈለውም የአንድ ሰው ብቻ ይሆናል። ታናሽ እህቱ ብቻ ነች የምታኮርፈው። ለእሷ ቤዝቦል ማለት የሆቴሉ ዋና ገንዳ ነው።

በመጪው በጋ 12 ዓመት ስለሚሞላው ቡድኑ ኩፐርስታውን፣ ኒውዮርክ ሊሄድ አስቧል። የቤዝቦል የዝና አዳራሽ (የታላላቅ ተጫዋቾች ሙዚየም) ያለበት ትንሽ ከተማ ነው፣ ውድድሩ አንድ ሳምንት ይፈጃል። ለልጁ ብቻ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፤ ልጆቹ ግቢው ውስጥ ያድራሉ፣ ወላጅ ግን የራሱን ማደሪያ ይፈልጋል። ከሁለት ቤተሰብ ጋር አንድ ቤት በጋራ ልንከራይ ተስማምተናል። ለእሱ ሌላ ትንሽ ዕቁብ ገብቻለሁ፣ በወር 150። የዕቁቡ ዳኛ «ደግሞ ለዱላ ነው?» አለኝ። «ለዱላ ነው» አልኩት።