«ጌት»ን በ«ማግኘት» ብቻ አትሸምድዱት

እንግሊዝኛ የጀመረ ሰው ሁሉ ደብተሩ ላይ አንዲት መስመር አለችው፤ ጌት ማለት ማግኘት። ስህተት አይደለም። ግን በዚህች መስመር ብቻ ከተጓዛችሁ ላሊበላ ላይ ቱሪስት ስታናግሩም ሆነ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ከውጭ ከመጣ አለቃ ጋር ስትሠሩ ግማሹ ወሬ ያመልጣችኋል። ፈረንጅ ቤቱ ሲገባ ጌት ይላል። ሲደክመው ጌት ይላል። ነገሩ ሲገባው ጌት ይላል። ሲያገባም ጌት ነው፣ ሲታመምም ጌት ነው፣ ስልኩን ሲያስጠግንም ጌት ነው። ታዲያ ሁሉንም «አገኘሁ» እያላችሁ ብትተረጉሙት የት ትደርሳላችሁ?

አብሽሩ፣ ዘዴ አለው። ትርጉሙን ጌት ላይ አትፈልጉት። ከጌት ቀጥሎ የመጣውን ቃል እዩ። ዕቃ ከመጣ አንድ ነገር ነው፣ ቅጽል ከመጣ ሌላ ነው፣ ቦታ ከመጣ ደግሞ ሌላ።

መጀመሪያ ቅርጹን እንገላገል። የአሁኑ ጌት፣ ያለፈው ጎት። ሦስተኛው ቅርጽ እንግሊዞች ዘንድ ጎት ነው፣ አሜሪካኖች ዘንድ ብዙ ጊዜ ጎተን ነው። ጎተን የአሜሪካኖች ፈጠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም፤ የድሮ የእንግሊዝ ቅርጽ ነው፣ ባለቤቶቹ ሲተዉት አሜሪካ ይዛው ቀረች። ፎርጌት የሚለው ግስ ላይ እኮ እንግሊዞቹም እስከ ዛሬ ፎርጎተን ነው የሚሉት። ቃሉ ራሱ ከእንግሊዝ ምድር የበቀለ አይደለም፤ ቫይኪንጎች ይናገሩት ከነበረው የስካንዲኔቪያ ቋንቋ የመጣ ነው። ፊልም ላይ ደግሞ «ጌዳፕ» የሚመስል ነገር ከሰማችሁ «ጌት አፕ» ነው፣ ተነስ። አሜሪካኖች በሁለት አናባቢ መሐል የገባችን ት ያላሏታል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። የእኛ «አገኘሁ» በጣም ሰፊ ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ የድሮ ጓደኛችሁን አገኛችሁት። የጠፋ ቁልፋችሁን ፍራሽ ሥር አገኛችሁት። ሥራ አገኛችሁ። አማርኛ ለሦስቱም አንድ ግስ ይበቃዋል፣ እንግሊዝኛ ግን ሦስት ይፈልጋል። ለሥራው «አይ ጎት ኤ ጆብ» ይሆናል። ለቁልፉ «አይ ፋውንድ ማይ ኪ»። ለጓደኛችሁ «አይ ሜት ሂም»፣ ሳታስቡት ድንገት ከሆነ ደግሞ «አይ ራን ኢንቱ ሂም»። «አይ ጎት ሂም ኢን ፒያሳ» ካላችሁ ፈረንጁ የሚሰማው «ያዝኩት» የሚል ነው። ሌባ ስታባርሩ የዋላችሁ ነው የሚመስለው! ይህ ስህተት ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው አፍ ላይም አይጠፋም፣ ምክንያቱም ደብተሩ ላይ ያለችው ያቺ መስመር ናት የምታናግረው። ስልክም እንደዚያው ነው። «ደውዬ አላገኘሁትም» ለማለት ጌት ብቻውን አይበቃም፣ «አይ ኩድንት ጌት ሆልድ ኦቭ ሂም» በሉ።

ቀጥሎ ዕቃ ሲመጣ ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ ደረሰኝ፣ ገዛሁ፣ አመጣሁ፣ ከነዚህ አንዱ ነው። «አይ ጎት ዩር ሜሴጅ» መልእክትህ ደርሶኛል። ባቲ ሰኞ ገበያ የገዛችሁትን ነጠላ አይቶ «ዌር ዲድ ዩ ጌት ዛት?» ያለ ሰው ከየት ገዛሽው ማለቱ ነው። «ጌት ሚ ሰም ዋተር» ደግሞ ውሃ አምጣልኝ ነው፣ ትእዛዝ ትእዛዝ ስለሚል ግን ለማታውቁት ሰው «ኩድ ዩ» ጨምሩበት።

ቅጽል ሲመጣ ጌት ለውጥ ያሳያል። አንድ ነገር ያልነበረውን ሆነ ማለት ነው። ማታ ደሴ ላይ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሰው ጋቢውን ሲደርብ «ኢትስ ጌቲንግ ኮልድ» ትላላችሁ፣ እየበረደ ነው። እየመሸ ሲሄድ «ኢትስ ጌቲንግ ዳርክ»። «አይ አም ታየርድ» እና «አይ ጎት ታየርድ» አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ደክሞኛል ነው፣ ሁለተኛው ደከመኝ። ለውጡን የምትናገሩ ከሆነ ጌት፣ ያለውን ሁኔታ ብቻ የምትናገሩ ከሆነ አም፣ ኢዝ፣ ዋዝ። ማግባትም ከዚሁ ይመደባል፣ «ዜይ ጎት ሜሪድ» ተጋቡ። ማንን እንደሆነ ስትጨምሩ «ቱ» ነው እንጂ «ዊዝ» አይደለም፤ እኛ «ከእገሊት ጋር» ስለምንል «ዊዝ» ምላሳችን ላይ ቀድሞ ይመጣል፣ ተጠንቀቁ። መንገድ ሲጠፋባችሁ «አይ ጎት ሎስት» ነው። «አይ ሎስት» ካላችሁ ተሸነፍኩ ሆነ። «ጌት ሎስት!» የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ስለ መንገድ አይደለም የሚያወራው፤ እኛም ተናደን «ጥፋ ከዚህ!» የምንለው ነው።

«ጌት ዩዝድ ቱ» ለብቻው ትኩረት ይፈልጋል፣ ለመደ ማለት ነው። ከኮምቦልቻ ሙቀት ወጥቶ ደሴ የተከራየ ልጅ ከርሞ «አይ ጎት ዩዝድ ቱ ዘ ኮልድ» ቢል ትክክል ነው። ከቱ በኋላ ግስ ከመጣ ግን «ኢንግ» ይጨመርበታል፤ «አይ ጎት ዩዝድ ቱ ሊቪንግ ሂር»። ፈተና አውጪዎች ይህችን ይወዷታል።

ቦታ ሲመጣ መድረስ ነው። «ዊ ጎት ቱ ኮምቦልቻ አት ሲክስ» ኮምቦልቻ ደረስን። ሐረጎን እየወረዳችሁ ወንድማችሁ ቢደውልና በእንግሊዝኛ ልሞክር ብትሉ «አይል ኮል ዩ ዌን አይ ጌት ዜር» ትሉታላችሁ፣ ስደርስ እደውልልሃለሁ። ሰዓቱን ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ንገሩት፤ የእኛ አሥራ ሁለት የእነሱ ስድስት ነው። ሆም፣ ሂር፣ ዜር ላይ «ቱ» አይገባም። «ጌት ቱ ሆም» የሚባል ነገር የለም፣ «ጌት ሆም» ብቻ። ደስ የሚለው እዚህ ላይ አማርኛ ራሱ ያግዘናል፤ እኛም ቤት ገባሁ እንላለን፣ ነገር ገባኝ እንላለን፣ በአንድ ግስ። «ዲድ ዩ ጌት ሆም?» ቤት ገባህ? «ዱ ዩ ጌት ኢት?» ገባህ? ይህን ከያዛችሁ ሁለቱ በፍጹም አይጠፏችሁም።

መውጣትና መውረድ ላይ የላሊበላ ልጆች በደንብ ያዳምጡኝ። ቱሪስት ይዛችሁ ወደ አሸተን ማርያም በበቅሎ ስትወጡ «ጌት ኦን» ትሉታላችሁ፣ ተቀመጥ፣ ውጣ። ሲወርድ «ጌት ኦፍ» ነው። እኛ ግን «ውረድ»ን ቃል በቃል ይዘን «ጌት ዳውን!» እንላለን። ለፈረንጅ ጆሮ ይህ ድንገት በጩኸት ሲመጣ ጎንበስ በል፣ ተኛ ማለት ነው፤ ፊልም ላይ ተኩስ ሲከፈት የሚጮኹት እሱን ነው። በቅሎ ላይ ያለ ሰው ላይ እንዲህ ብትጮኹበት ምን እንደሚያደርግ እንጃ። አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን፣ ፈረስ፣ በቅሎ፣ ሞተር ሳይክል፦ ኦን እና ኦፍ። ትንሽ መኪናና ባጃጅ፣ ማለትም ጎንበስ ብላችሁ የምትገቡበት፦ «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት ኦፍ»። ሚኒባስ ላይ ሁለቱንም ትሰማላችሁ፣ አትጨነቁ። «ጌት አውት» ብቻውን ለሰው ከተነገረ ግን ውጣልኝ ነው፤ እንግዳ በር ስትከፍቱለት እንዳያመልጣችሁ።

አሁን በጣም የምወደው ክፍል ላይ ደረስን። አማርኛ ሠራሁን አሠራሁ፣ ሰፋሁን አሰፋሁ፣ ጠገንኩን አስጠገንኩ ማድረግ ይችላል። መጀመሪያው ላይ ቁራጭ ፊደል ጨምረን ሥራውን ሌላ ሰው እንደሠራው እንናገራለን። እንግሊዝኛ ይህ ዕድል የለውም። ይህን ሥራ የሚሠራለት ጌት ነው። አደራደሩ እንዲህ ነው፤ ጌት ይመጣል፣ ከዚያ ዕቃው፣ ከዚያ የግሱ ሦስተኛ ቅርጽ። ስልኬን አስጠገንኩ፦ «አይ ጎት ማይ ፎን ፊክስድ»። ቀሚስ አሰፋሁ፦ «አይ ጎት ኤ ድሬስ ሜድ»። ፀጉሬን ተቆረጥኩ፦ «አይ ጎት ማይ ሄር ከት»። «አይ ከት ማይ ሄር» ካላችሁ መቀስ ይዛችሁ መስታወት ፊት የቆማችሁት ራሳችሁ ናችሁ።

አስቡት፤ አንድ ፈረንጅ ዚፑ የተበላሸ ቦርሳ ተሸክሞ አንዱን ልጅ «ዌር ካን አይ ጌት ዚስ ፊክስድ?» ይለዋል። ልጁ ጌትን ሰማ። ጌት ማለት ማግኘት፣ ስለዚህ ሰውየው እንዲህ ያለ ቦርሳ ፈልጎ ነው ብሎ፣ በቅን ልቦና፣ ፀሐዩ ላይ እየመራ ቦርሳ መሸጫ ያደርሰዋል። ሻጩም ከላይ ከላይ ቦርሳ ያወርዳል። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ፊክስድ»ን ቢያዳምጥ ኖሮ እኮ ጫማ ሰፊው እዚያው አጠገባቸው ነበር።

ሥራ ቃለ መጠይቅ ላይም ይህ ልዩነት ዋጋ አለው። «አይ ሪፔርድ ዘ ጀነሬተር» ካላችሁ ጠያቂው ምኑን ፈታችሁ ምኑን እንደቀየራችሁ ሊጠይቃችሁ ነው። ባለሙያ ጠርታችሁ ከሆነ «አይ ጎት ዘ ጀነሬተር ሪፔርድ» በሉና ተገላገሉ። ማንን እንዳሠራችሁ መናገር ከፈለጋችሁ አደራደሩ ይለወጣል፤ ጌት፣ ሰውየው፣ ቱ፣ ከዚያ ግሱ። «አይ ጎት ማይ ብራዘር ቱ ኸልፕ ሚ»። እዚህ ውስጥ ትንሽ ማግባባት፣ ትንሽ ልመና አለበት። በግድ ከሆነ ጌት ሳይሆን ሜክ ነው የሚገባው፣ ያኔ ደግሞ ቱ ትወጣለች፦ «ሂ ሜድ ሚ ወርክ»።

ጌት ራሱ በቀጥታ ቱ እና ግስ ካስከተለ ዕድሉን ማግኘት ነው፤ «አይ ጎት ቱ ሲ ላሊበላ» ላሊበላን ለማየት በቃሁ። «አይ ሃቭ ጎት ቱ ጎ» ግን ሌላ ነው፣ መሄድ አለብኝ። ሃቭ ሲጨመርበት ጌት የራሱን ትርጉም ይጥልና አለኝ ወይም አለብኝ ይሆናል። «አይቭ ጎት ቱ ሲስተርስ» ሁለት እህቶች አሉኝ። አሜሪካኖችም እዚህ ላይ ጎት ነው የሚሉት፤ «አይቭ ጎተን ኤ ካር» ካሉ መኪና አለኝ ሳይሆን መኪና አገኘሁ፣ ገዛሁ ነው።

ከሌላ ትንንሽ ቃል ጋር የሚጣመሩት ብዙ ናቸው፣ ሁሉን ልዘርዝር ብል አንጨርስም። «ጌት አሎንግ ዊዝ» ከሰው ጋር መስማማት ነው። «ጌት ሪድ ኦቭ» መገላገል። «ጌት አዌይ ዊዝ» አጥፍቶ ሳይቀጡ መቅረት። ኑሮ እንዴት ነው ሲሏችሁ ብትፈልጉ «አይ አም ጌቲንግ ባይ» በሉ፣ አለን፣ እየገፋን ነው።

ማመልከቻ ስትጽፉ ግን ጌትን ቀንሱ። የአፍ ቃል ነው። ደረሰኝ ለማለት ሪሲቭ፣ ሆነ ለማለት ቢካም፣ ደረስኩ ለማለት አራይቭ ወረቀት ላይ ያምራሉ። ወሬ ላይ እነዚህን ብትደረድሩ ደግሞ ዳኛ ፊት የቆማችሁ ነው የሚመስለው።

ለመለማመድ የእንግሊዝኛ ዝርዝር አትያዙ። ከራሳችሁ ውሎ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉና ጌት ይገባበታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ «እናቴ ገበያ ላይ አገኘችኝ»። አይገባም፣ ሜት ነው። «ሐይቅ ስንደርስ መሽቶ ነበር» አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይገባል፤ «ዌን ዊ ጎት ቱ ሐይቅ፣ ኢት ዋዝ ዳርክ»፣ መሽቶ ስለነበር ለውጡን አላያችሁትማ። «ጥርሴን ተነቀልኩ» ደግሞ «አይ ጎት ማይ ቱዝ ፑልድ»። «አይ ፑልድ ማይ ቱዝ» ብሎ የጻፈ ካለ በጉጠት ለብቻው ታግሏል፣ እግዜር ይማረው።